ጎርፉ ቀድሞ የሚደርስባት ቀድማ ትናገር

የጎማ ዱካ መጀመሪያ ያየሁት በ1977 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ጠብ ጠብ ማለት በጀመረበት ሰሞን ነው። አሥር ዓመቴ ነበር። ኩታበር ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ቦሩ ሜዳን አልፈው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ የሚያገኟት የደጋ ከተማ ናት። የእኛ መንደር ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ አገሩ ወደ በሽሎ ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት ከአንድ ተራራ ሥር ተቀምጧል። በዚያ ተራራ ላይ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰው፣ ከከብትና ከአጋሰስ በቀር ያለፈ አልነበረም። የእርዳታ ስንዴ የጫኑ ሦስት መኪኖች የተለመደው መንገድ በጭቃ ቢይዛቸው በተራራው ጀርባ ዞሩ፤ በሣሩ ላይ እየነዱ በመጨረሻ ከመንደራችን አናት ብቅ አሉ።

በማግሥቱ እኛ ልጆች ዱካውን ለማየት ወጣን። እርጥቡ አፈር ላይ እንደ ሰፌድ ጌጥ ተፈልቅቆ ሁለት ረጅም መስመር ሠርቷል። እጄን አጋድሜ ጥልቀቱን ለካሁት፤ አራት ጣት ነበር። እናቴ ከኋላችን መጥታ፣ «አትርገጡት ልጆቼ፤ ነፍሳችን የመጣችው በዚህ ነው» አለችን። በ1966ቱ ረሃብ ሁለት ልጆች ቀብራለች። የጎማ ዱካ ለእሷ የሕይወት ምልክት ነበር፤ እኔም እንደዚያው አድርጌ ያዝሁት።

ያንን አራት ጣት ዱካ ይኸው እስከ ዛሬ ስከታተለው ኖሬአለሁ። ተዘግቷል፣ ተከፍቷል፣ ደግሞ ተዘግቷል። ባለፈው መስከረም ደግሞ እንደገና ለመኪና ይከፈት ወይስ አይከፈት ተብሎ የመንደሩ ሰው ለውይይት ተጠራ። እኔም ለመስቀል አገሬ ገብቼ ስለነበር ከጉባኤው ተገኘሁ። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ካየሁት ይልቅ ያን ቀን ያስታወሰኝ ነገር ስለበለጠብኝ ነው።

መኪና ከመምጣቱ በፊትም ተራራው ሕግ ነበረው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ቅሬ ሬሳ ያነሣል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል፣ የተጣላ ያስታርቃል። የእኛ ቅሬ እስላሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ መዝገብ የያዘ ነው፤ ሸሁ ዱዓ ካደረጉ በኋላ ቄሱ ይባርኩና ወደ ነገር ይገባል። የተራራው ሣር የወል ስለነበር መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ ማን በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚወስነውም ቅሬው ነበር። ሐምሌ ከገባ ወዲያ የተጫነ አህያም ሆነ በቅሎ ተራራውን አያቋርጥም። ወደ ደሴ የሚወርድ ነጋዴ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ምክንያቱን ማንም እረኛ ያውቀዋል፦ የራሰ መሬት የረገጡት ቦታ ይጎደጉዳል፤ የጎደጎደው ውኃ ይጠራል፤ ውኃው ደግሞ ከተራራው ሥር ያለውን ቤት ያውቀዋል።

ከተራራው ሥር ያለው ቤት የአንዲት ባልቴት ነበር። ልጇና እኔ አብረን ከብት ጠብቀናል። የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት ነጋዴዎች መጥተው፣ ዝናቡ ቀደም ብሎ ስላባራ መተላለፊያው ከጊዜው በፊት እንዲከፈትላቸው ቅሬውን ለመኑ። ነጋዴዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ጨውና ሸማ የሚያመጡልን እነሱ ነበሩ። ብዙው ሰውም መክፈቱን ወደደ። የቅሬው ዳኛ ግን እጃቸውን አንሥተው ጉባኤውን ዝም አሰኙና ከሴቶቹ መካከል ባልቴቷን በዓይናቸው ፈለጓት። «ጎርፉ ቀድሞ የሚደርስባት ቀድማ ትናገር» አሉ። እሷም ብድግ ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እስከ መስቀል ታገሱኝ» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ነጋዴዎቹም እስከ መስቀል ታገሡ።

ያን ጊዜ ይህ ነገር ለእኔ ተራ ነገር ነበር። ሰው እንዲህ የሚጠየቅ፣ ሲጠየቅም እንዲህ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር።

ከረሃቡ በኋላ ተራራው ተከለለ። ሥራው ለምግብ ሥራ ይባል ነበር፤ አንድ ሰው ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ያገኛል። እናቴ ድንጋይ በጀርባዋ እያመላለሰች እርከን ሠራች፤ እኛም በዚያ ስንዴ አደግን። የመኪናው ዱካ በእርከን ተቆርጦ ተዘጋ። ጽድና ባሕር ዛፍ ተተከለ። ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ቆመ። ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍ ሣሩ ከወገባችን ደረሰ፤ ደርቆ የነበረ ምንጭ ከተራራው ሥር እንደገና ፈለቀ። ሥራው መልካም ሥራ ነበር፤ ዛሬም ይህን እመሰክራለሁ።

ነገር ግን ማንም አልጠየቀንም። ቅሬው አልተሰበሰበም፣ ባልቴቷ አልተናገረችም፣ የቅሬው ዳኛ ምልክት ሲደረግ ከሩቅ ቆመው አዩ። አንድ ሸክም ጭራሮ የለቀመች ሴት ተይዛ ስትታሰር፣ ሣር ያጨደ ሰው ማጭዱን ሲቀማ፣ የተራራው ስም ቀስ እያለ ተለወጠ። ቀድሞ «ተራራችን» ይባል ነበር፤ በኋላ «የመንግሥት ተራራ» ተባለ። ይህችን የስም ለውጥ ያን ጊዜ ልብ ያላት አልነበረም።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ተራራው ባለቤት አጣ። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል የተከለሉ ተራሮችና የመንግሥት ደኖች የተጨፈጨፉበት ጊዜ ነው፤ የእኛውም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተላጨ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። መጥረቢያ ይዤ ወጥቻለሁ፤ እናቴ በጀርባዋ ያመላለሰችውን እርከን በእግሬ ንጄ ግንድ አሳልፌአለሁ። እንጨቱን ወደ ከተማ የሚያወርዱ የጭነት መኪኖች መጡ። እነሱ ደግሞ የሄዱት በዚያው በ1977ቱ ዱካ ነው። የስንዴው መንገድ የእንጨት መንገድ ሆነ።

የተሸከመ መኪና የራሰ ሣር ላይ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት ያኔ ነው። ጎማው አፈሩን እንደ ሊጥ ይደፈጥጠዋል። የተደፈጠጠ አፈር ውኃ አይጠጣም፤ ሣርም ሥር አይሰድበትም። ዝናብ ሲጥል ቀድሞ በመላው ተራራ ይሰርግ የነበረው ውኃ በሁለቱ የጎማ መስመር ተሰብስቦ ይወርዳል። መስመሩ ጭቃ ሲሆን ሾፌሩ ጭቃውን ሸሽቶ ጎን ለጎን ሌላ መስመር ይከፍታል፤ ያም ሲጨቀይ ሦስተኛ። አንዱ መንገድ አራት አምስት ይሆናል። አራት ጣት የነበረው በመጀመሪያው ክረምት ክንድ ገባ። በሦስተኛው ክረምት ጥጃ ገብቶበት አልታይ አለን። ቦረቦር ሆነ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ በየዓመቱ የሚወስደው ጥቂት ስለሆነ ማንም አይጮህም። ቦረቦሩ ወርዶ የባልቴቷን የገብስ ማሳ ለሁለት ከፈለው። እሷ ያን ጊዜ አርፋ ነበር፤ ማሳውን የወረሰችው እረኛ ጓደኛዬ የነበረችው ልጇ ናት።

ልጇ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከቦረቦሩ አፋፍ ላይ አንድ ድንጋይ ታስቀምጣለች። በሚቀጥለው መስከረም ሄዳ ታያለች። ድንጋዩ ብዙውን ጊዜ አይገኝም፤ ከነአፋፉ ተንዶ ገደል ገብቷል። ሌላ ድንጋይ፣ አንድ እርምጃ ወደ ቤቷ ጠጋ አድርጋ፣ ታስቀምጣለች። መጻፍ አትችልም፤ መዝገቧ ይህ ነው።

እኔ ተምሬ አስተማሪ ሆንሁና በ1990ዎቹ ወደ መካነ ሰላም ተመደብሁ። ከዚያ በስተ ሰሜን የደንቆሮ ጫካ አለ። የአገሩ ሽማግሌዎች ጫካው ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ተጠብቆ የኖረ ነው ይላሉ። በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ፓርክ ተብሎ ተከለለ፤ በኋላም ወረሂመኖን ጨምሮ ሰፋ። አስታውና ጅብራው ባለበት ከፍታ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ ይህ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የሌለ፣ በጠቅላላው ከ500 በታች የቀረ እንስሳ ነው። አንድ ቀን ተማሪዎች ይዤ ስወጣ አብሮን የነበረ ጠባቂ ከሣሩ ውጭ ባለች ቀጭን የእግር መንገድ እንድንሄድ አዘዘን። ምክንያቱን ስጠይቀው ጎንበስ ብሎ የአይጥ ጉድጓድ አሳየኝ። «ቀበሮው የሚበላው ይህችን ነው፤ እግር ከበዛበት፣ ይልቁንም ጎማ ካለፈበት መሬቱ ይጠጥራል። በጠጠረ መሬት አይጥ አትቆፍርም፤ አይጥ ከሌለች ቀበሮ አያድርም» አለኝ። የእኛን ተራራ አሰብሁ። በእኛ ተራራ ላይ ምን እንደነበረና ምን እንደጠፋ የቆጠረ ሰው እንደሌለ ያኔ ገባኝ።

በዚያው ሰሞን የመንዝ ጓሳን ታሪክ ሰማሁ። በሰሜን ሸዋ ያለው ይህ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሣር ምድር ከአራት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ቄሮ በሚባል የሕዝብ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች አለቃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ጓሳው ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ታይቶ ደርሷል ሲባል ይከፈታል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነውን ያጭዱና እንደገና ይዘጉታል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ የጥበቃ ማኅበር አቋቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንብ ጽፎ መልሶ አነሣው። የእኛው ቅሬና የመንዙ ቄሮ አንድ ነገር ያውቁ ነበር፦ መዝጋትም መክፈትም የአንድ ሥልጣን ሁለት እጅ ነው፤ የሚዘጋውም የሚከፍተውም ያው ሲጠቀም ሲጎዳ የሚኖረው ሰው መሆን አለበት።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሲካሄድ የእኛም መንደር ወጣ። በዚህ ጊዜ ግን አንድ ነገር ተለየ። የቅሬው ሽማግሌዎች ተራራውን ከንክኪ ነጻ እናድርገው ከተባለ ደንቡን እኛ እንጻፍ አሉ። ተፈቀደላቸው። መኪና እንዳይገባ፣ ሣሩ በዓመት አንድ ጊዜ ታጭዶ በዕጣ እንዲከፋፈል፣ ደንብ የተላለፈ ለቅሬው እንዲቀጣ ተስማሙ። የቦረቦሩን አፍ በድንጋይ ክትር ዘጉት። ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ አልቆመም። ተራራው ስሙ ተመለሰለት፤ «ተራራችን» ተባለ። ያቺም ጓደኛዬ ከ2005 ወዲህ በየዓመቱ ድንጋይዋን የምታስቀምጠው በዚያው ባምናው ቦታ ነው። አፋፉ ስላልተንቀሳቀሰ ድንጋዮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ትንሽ ክምር ሠርተዋል።

እንግዲህ ባለፈው መስከረም እንደገና ይከፈት የተባለው መንገድ ይህ ነው።

ጉባኤው ከዋርካው ሥር ነበር። ባለሙያዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ትሑቶች፣ ንግግራቸው የለዘበ። ካርታ በሰሌዳ ላይ ለጥፈው አስረዱ። መንገዱ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተራራው ጀርባ ካለው ካባ ድንጋይ ይወጣበታል፤ ድንችና ገብስ ይጫንበታል፤ አምቡላንስ ይመጣበታል። በተጨማሪም ከጫፉ ላይ የበሽሎ ሸለቆ ሙሉ ለሙሉ ስለሚታይና መቅደላ በዚያው አቅጣጫ ስላለ፣ ከመንገድ ውጭ የሚሄዱ ባለ አራት ጎማ መኪኖች የያዙ ጎብኚዎች ይወጡበታል። ይህን ሲሉ ከእኔ ጎን የተቀመጡት አዛውንት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

የመቅደላን መንገድ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ በዋድላና በደላንታ አድርገው፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ቆርጠው መቅደላ የደረሱት በስድስት ወር ግድም ነው። ድንጋይ ራሳቸው በእጃቸው እያነሡ መንገድ ጠረጉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የእንግሊዙ የናፒየር ጦር፣ ከህንድ ያመጣቸው 44 ዝሆኖችም የተካፈሉበት ያ ዘመቻ፣ ወደ መቅደላ ሲመጣ ያንኑ ንጉሡ የጠረጉትን መንገድ ይዞ ገደሉን ወረደ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በገዛ እጃቸው አረፉ። አዛውንቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «መንገድ ወገን አያውቅም ልጄ። ለማን እንደምትከፍተው አንተ ታስባለህ፤ ማን እንደሚመጣበት እሱ አይነግርህም» አሉኝ። በ1977 ስንዴ ያመጣው መንገድ በ1983 ደን ወስዷል። እኚያን አዛውንት ይህን ያስተማራቸው መጽሐፍ አይደለም።

ቀጥሎ አንድ ወጣት ተነሣ። ባለፈው ዓመት ሚስቱን ምጥ ይዟት በቃሬዛ ሦስት ሰዓት ተሸክመው መኪና ካለበት አደረሷት። እሷ ተርፋለች፤ ልጁ አልተረፈም። «እኔ ቦረቦሩን አላየሁም አልልም። ግን ያን ሌሊት የተሸከማችሁ እናንተ ናችሁ፤ እስቲ ትከሻችሁን ጠይቁት» አለ። ማንም አልመለሰለትም። እኔም የምመልስለት የለኝም። እንዲህ ላለ ሰው «ሣሩ ይበልጣል» የሚል አንደበት የለኝም። እናቴም ብትኖር ከእሱ ጋር ትቆም ነበር።

ከዚያ ለአስተያየት ዕድል ተሰጠ። እያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ተባለ። ስም የሚፈረምበት ወረቀት ዞረ። እጃቸውን ያወጡት ወንዶች ናቸው፤ ከፊት የተቀመጡትም እነሱ ናቸው። ያቺ ጓደኛዬ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መጨረሻ፣ እግሯን ሰብስባ ተቀምጣለች። ማንም በዓይኑ አልፈለጋትም። እኔ እንደ ድሮው አንድ ሰው እጁን አንሥቶ ጉባኤውን ዝም እንዲያሰኝ ጠበቅሁ። የድሮው የቅሬ ዳኛ ካረፉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

ጠዋት ወደ ጉባኤው ስመጣ በተራራው ወገብ ላይ አልፌ ነበር። በሣሩ ላይ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ካስማዎች በመስመር ተተክለዋል። በአንዱ ሥር ያለው አፈር ገና አልደረቀም። ይከፈት አይከፈት የሚባለው መንገድ ወርዱና ቁመቱ ተለክቶ አልቋል።

ስናገር ይህን አነሣሁ። አገሪቱ ሕግ እንዳላት ተናገርሁ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3 ሕዝብ በቀጥታ የሚነካው የአካባቢ ዕቅድ ሲነደፍም ሲፈጸምም አስተያየቱን ሙሉ በሙሉ የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ በአንቀጽ 15 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ዓለምም የተማረው ይህንኑ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፈረሙት ትእዛዝ ከመንገድ ውጭ የሚነዱ ተሽከርካሪዎች በሕዝብ መሬት ላይ የሚሄዱበት መስመር ሲመረጥ አፈሩ፣ የውኃው ተፋሰስና የዱር እንስሳው በተቻለ መጠን እንዳይጎዳ፣ ሕዝቡም በአመራረጡ እንዲሳተፍ አዘዋል። በአገራችንም ስሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ሲገባ፣ ከሚነሡት ችግሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ነበር። ከፓርኩ ውጭ የሚዞር ሌላ መንገድ ለማበጀት ሥራ ተጀመረ፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋው መዝገብ ወጣ። የሚዞር መንገድ ረጅም ነው። ግን የእኛም ነጋዴዎች እስከ መስቀል ይዞሩ ነበር።

«መንገዱን አልቃወምም፤ ግን ካስማው ከጥያቄው ቀድሞ ተተክሏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን እፈራለሁ» አልሁ። ሦስት ደቂቃዬ አልቆ ነበር፤ ተቀመጥሁ። ከባለሙያዎቹ አንዱ በአክብሮት አመስግኖኝ፣ ካስማዎቹ ለጥናት ብቻ እንደተተከሉ አስረዳ። ልጁ የሚዋሽ አልመሰለኝም። እሱም የተላከ ነው፤ ተልእኮው የሕዝብ አስተያየት አሰባስቦ መመለስ ነው። ግን ከረሃቡ በኋላ የከለላውን ምልክት የተከሉትም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። መልካም ሥራ ሠርተው ነበር፤ ያልተጠየቅነው እኛ በ1983 መጥረቢያ ይዘን ወጣን። ያልተጠየቀ ሰው የራሱንም እንደ ባዕድ ያየዋል። ከኖርሁት ዕድሜ የተማርሁት ይህን ነው፤ ለዚያ ወጣት ባለሙያ ልነግረው የፈለግሁትም ይህን ነበር፤ በሦስት ደቂቃ አልሆነልኝም።

በመጨረሻ መናገር ላልቻሉ ተብሎ የአስተያየት ቅጽ ታደለ። ባዶው ቦታ አራት መስመር ነው። ጓደኛዬ ቅጹን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«ወንድሜ፣ እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጻፍልኝ» አለችኝ።

«ምን ብዬ ልጻፍ እህቴ?»

ብዙ አላሰበችም። ለዓመታት ስታስበው የኖረችው ነገር ነው። «መኪናው ይለፍ በል። የዚያ ልጅ ሚስት ነገ ደግሞ ታረግዛለች። ግን ክረምት ክረምት ይዘጋ፤ ለአምቡላንስ ካልሆነ በቀር እስከ መስቀል ማንም እንዳያልፍ። መኪናው በአንድ መስመር ብቻ ይሂድ፤ ጭቃ ሸሽቶ ሣሩን አይጨምር። ውኃው ወደ እኔ ደጅ ሳይሆን ወደ ወንዙ እንዲወርድ መጀመሪያ ቦዩ ይሠራ፤ ከዚያ መንገዱ። ድንጋይ የሚጭኑት መኪኖች ለክትሩ ማደሻ ለቅሬው ይክፈሉ።» እዚህ ላይ ቆም አለች። «ሲዘጋም ሲከፈትም ጠይቁን በል» ብላ ጨረሰች።

አራቱ መስመር አልበቃኝም፤ በወረቀቱ ጀርባ ቀጠልሁ። ከታች ጣቷን በቀለም ነክራ አተመች። ካርታ ይዘው በመጡት ባለሙያዎችም፣ ሕግ በጠቀስሁት በእኔም ንግግር ውስጥ ያልነበረው መፍትሔ በእሷ ውስጥ ነበር። ለዚያ ወጣት አባትም መልስ ነበረው፤ ለገብሱም መልስ ነበረው። ግን ቅጽ ባይታደል፣ እኔ ባልኖር፣ ወይም እሷ ተነሥታ ባትመጣ ኖሮ ያ መፍትሔ ነጠላዋን ተከናንቦ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። የድሮው የቅሬ ዳኛ ፊደል አልቆጠሩም። ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ግን ያውቁ ነበር።

ባለሙያው ቅጹን ተቀብሎ ፊቱንም ጀርባውንም አነበበ። አንገቱን ደፍቶ ትንሽ ዝም አለና ከሌሎቹ ጋር በማኅደሩ ውስጥ አስገባው። ውሳኔው በቅርቡ ይገለጻል ብሎናል። ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልተገለጸም።

ከጉባኤው ስንመለስ ወደ ቤቷ የሚያወርደው መንገድ በቦረቦሩ አፋፍ ያልፋል። ክትሩ ክረምቱን ችሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ደለል ተኝቶበት ሣር በቅሎበታል። አንድ ድንጋይ ከመንገድ አነሣች። ጣቷ ላይ ያለው ቀለም ገና አልለቀቀም ነበር፤ ድንጋዩ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ነካበት። ከክምሩ ላይ፣ ባምናው ድንጋይ አናት፣ አስተካክላ አስቀመጠችው።

«የዘንድሮው ከጓደኞቹ ጋር ነው፤ የከርሞውን የት እንደማስቀምጠው እንጃ» አለች።